የእሌኒ ምሽት፦ ማመልከቻውን አብረን እንጨርስ

ሰብሳቢ፦ ሰላም ለሁላችሁ። የእሌኒን ምሽት የምናዘጋጅበት የአዳራሹ ማመልከቻ እስከ ቅዳሜ መግባት አለበት። ረቂቁ ንግሥት እሌኒ በ1509 የጦር ኅብረት ፈልጋ ለፖርቱጋል ንጉሥ ከላከችው ደብዳቤ ይጀምራል። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው። እስኪ በሉ።

መምህርት፦ ጋሼ፣ ከደብዳቤው አንጀምር። ያኔ እኮ አርጅታለች። ከትውልድ አገሯ ከሐድያ እንነሳ። የሐድያው ገዥ የገራድ መሐመድ ልጅ ናት፤ እስላም ሆና ተወልዳ ለንጉሡ ለዘርዐ ያዕቆብ ተዳረች፣ ክርስቲያንም ሆነች። ይህን ለወሎ ሰው ማስረዳት አያስፈልግም። የአያቴ ቤት ግማሹ ለጁምዓ፣ ግማሹ ለእሁድ ነበር የሚዘጋጀው።

የኮምቦልቻ አባል፦ ልክ ነሽ እህቴ። ግን የመቻቻል ምልክት ብቻ አናድርጋት። ወንድሟ ማሂኮ በባሏ ላይ አምጿል። እሷ ግን ባሏ ከሞተ በኋላም ከቤተ መንግሥት አልራቀችም። እናቱ የሞተችበት የባሏ ልጅ በእደ ማርያም ሲነግሥ እንደ እናቱ አከበራት። ዜና መዋዕሉ ሲያሞግሳት ሕግ አዋቂነቷን፣ መጻሕፍት ማንበቧንና ለንጉሥ ማዕድ ማዘጋጀት መቻሏን አብሮ ነው የሚያነሳው። እኔ ይቺን ሴት ነው ማሳየት የምፈልገው።

ገንዘብ ያዥ፦ ሐይቅ እስጢፋኖስ ድረስ ጉዞ የሚለው ይውጣ። መኪናው ውድ ነው። ደግሞ በእሌኒ ስም ሄደን ሴቶቻችን ከገዳሙ ደጅ ይቅሩ?

መምህርት፦ ይውጣ። በምትኩ ቡና እናፍላ። አቦል ላይ ሐድያን፣ ቶና ላይ ቤተ መንግሥቱን፣ በረካ ላይ ደብዳቤውን እንተርክ። ደብዳቤው ጊዜ ይፈልጋል። በ1508 ልብነ ድንግል ገና ልጅ ሆኖ ሲነግሥ አገሩን የያዘችው እሷ ናት። አርመናዊውን ማቴዎስን ደብዳቤውን አስይዛ ላከችው፤ ሊዝበን የደረሰው በ1514 ነው። በ1520 ከፖርቱጋል መልክተኞች ጋር ምጽዋ ቢመለስም ብዙም ሳይቆይ ሞተ። ንጉሡም አድጎ ነገሩን ቀዝቀዝ አድርጎ ያዘው። እሌኒ ካረፈች በኋላ፣ በ1531፣ እዚሁ ወሎ የነበረችው የመካነ ሥላሴ ቤተ ክርስቲያን በግራኝ ጦር ተቃጠለች። 400 የፖርቱጋል ወታደሮች የመጡት በ1541 ነው። እኔን የሚያንገበግበኝ ይኼ ነው፤ ቀድማ አይታው ነበር።

የኮምቦልቻ አባል፦ ተስማምቻለሁ። ስሙ ምሽት ቢሆንም ከቀኑ በስምንት ሰዓት እንጀምር እንጂ፤ ሐረጎ ተራራ ላይ ጉም ሳይወርድ መመለስ አለብን። ጀበናውንና ሲኒውን እኔ ይዤ እመጣለሁ፣ ኢንሻአላህ።

ሰብሳቢ፦ ጥሩ። መምህርት፣ የሐድያውን ክፍል አንድ ገጽ ጽፈሽ እስከ ሐሙስ ላኪልኝ። ረቂቁን ከዚያ እቀጥለዋለሁ።