ዋሻ ውስጥ ሬዲዮው ቢጠፋ ባቡሩ ምን ይሆናል?

የደብረ ሲና ልጅ፦
ሰላም ቤተሰብ። ቅዳሜ ከደብረ ብርሃን ወደ ደብረ ሲና ስወርድ ጣርማ በር ላይ ጉሙ ከፊታችን ያለውን መኪና እንኳ አያሳይም ነበር። ለንደን ካለችው እህቴ ጋር በስልክ እያወራን ዋሻው ውስጥ ስንገባ ድምፅዋ ቀጥ አለ። ሾፌራችን መብራቱን አብርቶ፣ ክላክሱን እየነፋ ቀስ ብሎ አለፈ። እሷ ደግሞ በየቀኑ ሥራ የምትሄደው ከመሬት በታች ባለው ባቡር ነው። ከዚያን ቀን ጀምሮ ይከነክነኛል። ሾፌሩና መቆጣጠሪያ ክፍሉ የሚገናኙበት ሬዲዮ ቢበላሽ ከኋላ የሚመጣው ባቡር አይላተማቸውም? የምታውቁ እባካችሁ መልሱልኝ።

ሐዲድ፦
አይዞህ ወንድሜ። በድሮዎቹ መስመሮች ባቡሮቹን ከግጭት የሚጠብቃቸው ሬዲዮው ሳይሆን ሐዲዱ ራሱ ነው። ሐዲዱ በክፍል በክፍል ተለይቶ በእያንዳንዱ ትንሽ ኤሌክትሪክ ይሄዳል። ባቡር ሲገባ የብረት ጎማዎቹና አክስሉ ግራና ቀኙን ሐዲድ ያገናኙታል፣ ኤሌክትሪኩ ጫፍ ሳይደርስ ይቀራል፣ ከኋላ ለሚመጣው ባቡር ምልክት የሚሰጠው መብራት ቀይ ይሆናል። ደስ የሚለኝ ሐዲዱ ቢሰበር ወይም ሽቦው ቢበጠስም መብራቱ ያው ቀይ መሆኑ ነው፤ ብልሽቱ ባቡር ያስቆማል እንጂ አያሳልፍም። ሾፌሩ ቀዩን ጥሶ ቢሄድስ? ለንደን ብዙ ቦታ ከሐዲዱ አጠገብ አንዲት የብረት ክንድ አለች። መብራቱ ሲቀላ ቀና ትላለች። ባቡሩ ካለፈ ከሥሩ ያለችውን ማንሻ ትመታና ፍሬኑ በራሱ ይይዛል።

ቀጭን ሽቦ፦
ልክ ነህ፣ ግን አዳዲሶቹ ላይ ባቡሩ ያለበትን ቦታ የሚናገረው፣ እስከየት መሄድ እንደሚችል የሚነገረውም በሬዲዮ ነው። ግንኙነቱ ሲቋረጥ ፈቃዱ አይታደስም፣ ይቆማል። እኔን የሚያሳስበኝ ግጭቱ ሳይሆን መቆሙ ነው፤ ሰው እንደ ታጨቀ በሙቀት ዋሻ ውስጥ መቅረት ቀላል አይደለም። ለዚህ ነው በዋሻው ግድግዳ ሙሉ ሞገድ የሚያሾልክ ወፍራም ኬብል የሚዘረጉት። ጣርማ በር ላይ ስልክህ የተቋረጠው ዓለቱ ሞገዱን ስለማያሳልፍ ነው።

ሐዲድ፦
አንድ የረሳሁት። በለንደን የድሮ ዋሻዎች ግድግዳ ላይ፣ በሾፌሩ መስኮት ቁመት፣ ሁለት ራቁት የመዳብ ሽቦዎች ተዘርግተው ኖረዋል። ሾፌሩ እጁን በመስኮት አውጥቶ ባቡሩ ውስጥ ያለውን ባለ ሽቦ ስልክ ሽቦዎቹ ላይ ይቆነጥጥና ያወራ ነበር። አደጋ ካለ ደግሞ ሁለቱን በጣቱ ጨምቆ ሲያነካካቸው ወዲያው የባቡሩ ኃይል ይቋረጥ ነበር። ሬዲዮ አያስፈልገውም ነበር።

የደብረ ሲና ልጅ፦
እግዜር ይስጥልኝ፣ አሁን ለእህቴ እልክላታለሁ። ባቡሩ ቢቆምባት ምን ታድርግ?

ቀጭን ሽቦ፦
ውስጥ ትቆይ። የፈለገ ቢቆይባት በር ከፍታ እንዳትወርድ፤ እዚያ ኃይሉ የሚመጣው መሬት ላይ በተዘረጋ ሐዲድ ነው፣ ከ600 ቮልት በላይ። ሠራተኞቹ ኃይሉ መጥፋቱን አረጋግጠው ውረዱ ሲሉ ብቻ ትውረድ።