አርሴናይት ያልነካቸው ሕዋሶችም ስትረስ ግራኑል ያሳያሉ፤ የቱን ልመን?

ተማሪዋ
ጤና ይስጥልኝ። ስትረስ ግራኑሎችን፣ ማለትም ሕዋስ ሲጨነቅ የሚሰበሰቡትን የአርኤንኤና የፕሮቲን ጠብታዎች፣ ለማየት ፈልጌ ነው። ጂኤፍፒ (አረንጓዴ የሚያበራ ፕሮቲን) የተለጠፈበትን ጂ3ቢፒ1 (የግራኑሉን ዋና ፕሮቲን) በፕላዝሚድ (ጂን በሚሸከም ክብ ዲኤንኤ) ዩ2ኦኤስ በተባሉ የሰው ካንሰር ሕዋሶች ውስጥ አስገብቼ፣ ሕዋስን የሚያስጨንቀውን 0.5 ሚሊሞላር ሶዲየም አርሴናይት ለ1 ሰዓት ሰጠኋቸው። ነጠብጣቦቹ ቁልጭ ብለው ወጡ። ችግሩ፣ ምንም ያልተጨመረባቸው መቆጣጠሪያ ሕዋሶችም፣ በተለይ ደምቀው የሚያበሩት፣ ነጠብጣብ አላቸው። እነዚህ ስትረስ ግራኑል ናቸው ወይስ ሌላ ነገር? ሁለተኛ፣ ግራኑሎቹ ሕዋሱን ከጉዳት ያድናሉ ይባላል፤ ታዲያ ኤኤልኤስ (ጡንቻ የሚያዙ ነርቮች የሚሞቱበት በሽታ) ሲነሳ ስማቸው አብሮ የሚነሳው ለምንድን ነው?

ራይቦዞም
ሰላም እህቴ። አፈጣጠሩን ካየሽ የመጀመሪያው ጥያቄ እዚያው ይፈታል። አርሴናይት ኤችአርአይ የተባለውን ካይኔዝ (ፎስፌት የሚለጥፍ ኢንዛይም) ያነቃል። እሱም የፕሮቲን ምርት በሚያስጀምረው ኢአይኤፍ2አልፋ ላይ፣ 51ኛው ሴሪን (አሚኖ አሲድ) ላይ፣ ፎስፌት ይለጥፋል። ከዚያ በኋላ አዲስ የፕሮቲን ምርት መጀመር ይከብዳል። ሥራ ላይ የነበሩት ራይቦዞሞች (ፕሮቲን ሠሪዎቹ) ግን የያዙትን ጨርሰው ይወርዳሉ፤ የፕሮቲኑን መመሪያ የሚሸከመው ኤምአርኤንኤ ራቁቱን ይቀራል። ጂ3ቢፒ1 ጥንድ ጥንድ ሆኖ ይህን የተራቆተ አርኤንኤ ይይዛል። አንዱ አርኤንኤ ብዙ ጥንዶችን፣ አንዱ ጥንድም ከአንድ በላይ አርኤንኤ ስለሚይዝ መረቡ ይጠላለፍና፣ ወጥ ላይ እንደሚሰበሰብ ቅባት ከዙሪያው ፈሳሽ ተለይቶ ጠብታ ይሆናል። ሽፋን የለውም።

እንግዲህ ጠብታውን የሚወልዱት ሁለት ነገሮች ናቸው፤ የተራቆተው አርኤንኤና የጂ3ቢፒ1 መጠን። አንቺ ሁለተኛውን በፕላዝሚድ ከመጠን በላይ ጨምረሻል። ጂ3ቢፒ1 ሲበዛ ያለ ምንም ስትረስ ግራኑል ይሠራል፤ ፒኬአር የተባለውን ካይኔዝ አንቅቶ ኢአይኤፍ2አልፋንም ፎስፌት ያስለጥፋል። ስለዚህ የደመቁት ሕዋሶች ላይ ያየሽው ግራኑል ሊሆን ይችላል፤ የፈጠረው ግን ዘዴሽ ነው። በዚህ ዳታ ላይ ድምዳሜ አትገንቢ። የሕዋሱን የራሱን ጂ3ቢፒ1 በአንቲቦዲ አቅልሚ። ሕያው ሕዋስ መቅረጽ ካለብሽ፣ መለያውን (ጂኤፍፒውን) በክሪስፐር፣ በጂን ማረሚያው ዘዴ፣ የሕዋሱ የራሱ ጂን ላይ አስገቢ።

አግዳሚ ወንበር 4
ከላይ በተባለው ላይ የአሠራሩን ልጨምር። ሕዋሶቹን በመስታወት ላይ ዝሪና 60–70 በመቶ ሲሞሉ ተጠቀሚ፤ ከታጨቁ ምላሻቸው ይለዋወጣል። የአርሴናይቱን ስቶክ በ50 ሚሊሞላር በውኃ አዘጋጂ፤ ከዚያ በ1 ሚሊሊትር ሚዲየም 10 ማይክሮሊትር ማለት በግምት 0.5 ሚሊሞላር ነው። መቆጣጠሪያው ላይ ያንኑ ያህል ውኃ ጨምሪ። ሚዲየሙ 37 ዲግሪ የሞቀ ይሁን፤ ከማቀዝቀዣ የወጣ ሚዲየም ራሱ ስትረስ ነው። ከ45–60 ደቂቃ በኋላ ሕዋሱን ባለበት ለማጽናት በ4 በመቶ ፓራፎርማልዲሃይድ 15 ደቂቃ፣ ከዚያ አንቲቦዲ እንዲገባ ሽፋኑን ለመብሳት በ0.1 በመቶ ትራይተን 10 ደቂቃ። አርሴናይት ካንሰር የሚያመጣ መርዝ ስለሆነ ቆሻሻው ወደ ሲንክ አይደፋ፤ ለብቻው ይጠራቀም።

ጂ3ቢፒ1ን ብቻ አትመኚ። ሌሎቹን የግራኑል ምልክቶች፣ ኢአይኤፍ3ቢ የተባለውን ፕሮቲን ወይም ፖሊኤ አርኤንኤን (ኤምአርኤንኤውን)፣ አብረሽ አቅልሚ፤ ሦስተኛ ቀለም ካለሽ ዲሲፒ1ኤን ጨምሪ። ዲሲፒ1ኤ የሚያሳየው ፒ-ቦዲን፣ ሌላ ዓይነት የአርኤንኤና የፕሮቲን ጠብታን፣ ነው፤ ፒ-ቦዲ ያለ ስትረስም ስለሚኖር ብዙ ሰው ከግራኑል ጋር ያምታታዋል።

ወሳኙ ፈተና ግን የፕሮቲን ምርት የሚያቆመው ሳይክሎሄክሲማይድ ነው። አርሴናይት 30 ደቂቃ ከቆየ በኋላ፣ አርሴናይቱን ሳታነሺ፣ 50 ማይክሮግራም በሚሊሊትር ጨምረሽ ሌላ 30 ደቂቃ ጠብቂ። እውነተኛ ግራኑል ይፈርሳል። የተጣበቀ የፕሮቲን ክምችት ከሆነ እንዳለ ይቀመጣል።

ስትቆጥሪ የትኛው ስላይድ የቱ እንደሆነ ሳታውቂ ቁጠሪ። ዓይን የሚፈልገውን ያገኛል።

ተማሪዋ
ሳይክሎሄክሲማይድም እኮ የፕሮቲን ምርት ያቆማል። ምርት ሲቆም ግራኑል ይፈጠራል ካልን፣ እሱ ለምን ያፈርሰዋል?

ራይቦዞም
አቋቋሙ ይለያያል። ሳይክሎሄክሲማይድ ራይቦዞሙን ኤምአርኤንኤው ላይ እንዳለ ቀጥ ያደርገዋል፤ አርኤንኤው አይራቆትም፣ ግራኑሉ የሚመገበው ያጣል። ፒዩሮማይሲን በተቃራኒው ራይቦዞሙን ስለሚያራግፍ ግራኑል ያበዛል። ሁለቱም ምርት አቋሚ ሆነው ውጤታቸው ተቃራኒ መሆኑ፣ ቁልፉ የምርቱ መቆም ሳይሆን የአርኤንኤው መራቆት እንደሆነ ያሳያል። ሁለቱን ጎን ለጎን ብትሠሪ ለቴሲስሽ ጠንካራ ስዕል ይሆናል።

ነርቭና ጡንቻ
ወደ ሁለተኛው ጥያቄ። አርሴናይቱን አጥበሽ ብታነሺው ግራኑሎቹ በጥቂት ሰዓት ውስጥ ይጠፋሉ። ጤናማው አካሄድ ይህ ነው፤ መሰብሰብ፣ ከዚያ መበተን። የሚያሳስበው የማይበተነው ነው። በሙቀት የተፈጠሩትን ለመበተን ቪሲፒ የተባለው ፕሮቲን ያስፈልጋል፤ የቪሲፒ ጂን ሲበላሽ የጡንቻ በሽታ፣ ፓጄት የተባለው የአጥንት በሽታ፣ የፊተኛው አንጎል መርሳትና ኤኤልኤስ በአንድ ቤተሰብ ውስጥ ሊታዩ ይችላሉ። ኤፍዩኤስ በተባለው ፕሮቲን ላይ ፒ525ኤል የተባለው የጂን ለውጥ ደግሞ ፕሮቲኑ ወደ ኒውክሊየስ እንዳይመለስ ያደርገዋል፤ ሳይቶፕላዝም ውስጥ ተከማችቶ ግራኑሎቹ ውስጥ ይገባል።

ይሁንና «ግራኑል ኤኤልኤስን ያመጣል» ብለሽ አትጻፊ። በአብዛኞቹ የኤኤልኤስ ታካሚዎች ነርቭ ውስጥ የሚገኘው ቲዲፒ-43 የተባለው ፕሮቲን ክምችት ያለ ግራኑልም ሊፈጠር ይችላል። የአታክሲን-2ን ነገር ተመልከቺ። ይህ ፕሮቲን ግራኑል ውስጥ ይገኛል፤ በዚህ ፕሮቲን ውስጥ ከ27–33 የግሉታሚን (አሚኖ አሲድ) ድግግሞሽ ያለው ሰው ለኤኤልኤስ ያለው ተጋላጭነት ይጨምራል። ቲዲፒ-43 በበዛባቸው አይጦች ላይ አታክሲን-2ን መቀነስ ዕድሜያቸውን በጣም አራዘመ። በሰው ላይ የተሞከረው ተመሳሳይ መድኃኒት ግን ጥቅም ስላላሳየ ባዮጅን የተባለው የመድኃኒት ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2024 ሙከራውን አቁሟል። ታካሚዎችና ቤተሰቦቻቸው ብዙ ተስፋ የጣሉበት ስለነበር፣ ከአይጥ ወደ ሰው ስንዘል ቃላችንን መመዘን አለብን።

አርቦ
ቫይረስም አይረሳ። የፖሊዮ ቫይረስ ፕሮቲየዝ (ፕሮቲን ቆራጭ ኢንዛይም) ጂ3ቢፒ1ን ቆርጦ ግራኑሉን ያከሽፋል። በ2011 ዓ.ም. ክረምት ድሬዳዋን ያዳረሰው፣ በትንኝ የሚተላለፈው የቺኩንጉኒያ ቫይረስ ደግሞ አይቆርጠውም፤ ኤንኤስፒ3 በተባለው ፕሮቲኑ ጂ3ቢፒን ይዞ ለራሱ መባዣ ያሠራዋል። ጂ3ቢፒ1 እና መሳዩ ጂ3ቢፒ2 ሁለቱም በተወገዱባቸው ሕዋሶች ውስጥ መባዛት ያቅተዋል። ስለዚህ በቺኩንጉኒያ የተያዘ ሕዋስ ላይ ጂ3ቢፒ1 ነጠብጣብ ብታዪ፣ ኤንኤስፒ3ን አብረሽ ሳታቀልሚ ስትረስ ግራኑል ብለሽ አትቁጠሪው።