በውርጭ ማለዳ ቸብ የሚባለው የወንዝ ዓሣ አይነካልኝም፤ ምን ላድርግ?

ጀማሪው፦

ሰላም ለሁላችሁም። የምኖረው እንግሊዝ፣ ግሬት ኦውዝ ወንዝ አቅራቢያ ነው። በሞቃቱ ወራት ቸብ እንደ ልቤ እይዝ ነበር። ብርዱ ከገባ ወዲህ ግን ዓሣው ጠፋብኝ። ሣሩ በውርጭ ነጥቶ ሳለ እወጣለሁ። ሰፋና ጠለቅ ያለ ቦታ መርጬ እቀመጣለሁ፣ ዳቦም በደንብ እበትናለሁ። ከዚያ እስከ እኩለ ቀን ዝም ነው። ቸብ በብርድ መብላት ያቆማል እንዴ? ወይስ ዳቦውን በአይብ ልለውጠው?

ወንዝ ዳር፦

ሰላም ወንድሜ። አያቆምም! ይህን ዓሣ ከሁሉ አስበልጬ የምወደው ለዚህ ነው። ብዙዎቹ የወንዝ ዓሦች በብርድ አፋቸውን ሲዘጉ እሱ ይበላል። ችግሩ ምግብ ፍለጋ ርቆ አለመሄዱ ነው። ውሃው ሲቀዘቅዝ የሱም ሰውነት ይቀዘቅዛል፤ የበላው ቶሎ አይፈጭለትም። ስለዚህ አንተ ነህ ወደ እሱ የምትሄደው። ብዙ ዳቦ ከበተንክ ደግሞ ገና መንጠቆህን ሳያይ ይጠግባል።

ሰፊውን ቦታ ተወው። ወደ ውሃው ያዘነበለ ዛፍ ፈልግ። ጎርፍ ያመጣው ጭራሮና ቅጠል ቅርንጫፉ ላይ ተጠራቅሞ ጣሪያ የሠራበት ቦታ ካገኘህ፣ እኔ ብሆን ሌላ ቦታ አላይም። ከዚያ ሌላ ፈጣኑና ዝግተኛው ውሃ የሚገናኙበትን መስመር ተመልከት። ቸብ ዝግ ባለው በኩል ቆሞ ፈጣኑ የሚያመጣለትን ይለቅማል።

ቀስ ብለህ ቅረብ፤ የእግር ኮቴ ይሰማዋል። ከቦታው ትንሽ ውሃው ወደሚመጣበት በኩል ከፍ ብለህ አንድ ሁለት ቁንጥር የራሰ ዳቦ ልቀቅና ጠብቅ። ለመንጠቆው የትኩስ ነጭ ዳቦ ልቡን ውሰድ። በመንጠቆው ግንድ ዙሪያ እጠፈውና እዚያው ጋ ብቻ ጨመቅ አድርገው። ጠርዙን አትንካው፤ ውሃ ሲጠጣ ያብጣል። ክሩ ላይ የምታስረው የእርሳስ ክብደትም ዳቦውን ወለሉ ላይ ለማቆየት ብቻ የሚበቃ ይሁን። ሃያ ደቂቃ ያህል ካልነካ ተነስና ወደ ሚቀጥለው ዛፍ ሂድ። በብርድ አንድ ቦታ ተቀምጦ መዋል ለኔ አይታየኝም።

አይብን በተመለከተ፣ ውሃው ሲደፈርስ ጥሩ ነው። ያኔ ዓሣው ከማየት ይልቅ ያሸታል። ውሃው ጥርት ሲል ግን ነጭ ዳቦ ይበልጣል። አይብ ብቻውን ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ስለሚደነድን መንጠቆው ሰንጥቆት አይወጣም። ከዳቦ ጋር ለውሰው።

ደግሞ የዘንጉን ጫፍ ከዓይንህ አታርቅ። እንደ ሞቃቱ ጊዜ ነጥቆ አይሄድም። ጫፉ ትንሽ ይንቀጠቀጣል፣ ከዚያ ቀስ ብሎ ይጎብጣል። ያን ጊዜ ነው መሳብ።

የማታዋ፦

በቦታው እስማማለሁ፣ በሰዓቱ ግን አይደለም። ሌሊቱን ውርጭ ያደረበት ወንዝ ማለዳ ላይ በጣም ቀዝቃዛ ነው። እኔ ከሰዓት በኋላ ሄጄ ብርሃን ሊጠፋ ሲል ያለችውን የመጨረሻ ሰዓት ነው የምጠብቀው። ትልልቁ ቸብ ከተሸሸገበት የሚወጣው ያኔ ነው።

ወንዝ ዳር፦

ልክ ነሽ እህቴ፣ ያቺ ሰዓት ጥሩ ናት። ማለዳውን ግን ሙሉ በሙሉ አትጣዪው። ዓሣውን የሚያፍነው የቅዝቃዜው መጠን ብቻ ሳይሆን በድንገት መውረዱ ነው። ውሃው ለቀናት በአንድ ዓይነት ብርድ ከቆየ ይለምደዋል። ሌሊት ደመና ገብቶ አየሩ ለዘብ ካለ ደግሞ የዚያን ቀን ማለዳ እኔ ቤት አልገኝም! የሚመላለስ ሰውና ውሻ ሳይመጣ በፊት ዳርቻው ጸጥ ይላል። ጀማሪው፣ ቴርሞሜትር ያዝና ውሃውን በሄድክ ቁጥር ለካ። በረዶ ቀልጦ ወንዙ ውስጥ በገባ ማግስት ግን ባትደክም ይሻላል።

ጀማሪው፦

እግዜር ይስጥልኝ ጋሼ! ዛሬ እንዳልከኝ ከዛፍ ዛፍ እየዞርኩ አንድ ያዝኩ። ግን ትንሽ ስለሆነ ቸብ ይሁን ዴስ የሚባለው ሌላ ዓሣ መለየት አቃተኝ። በምን ይታወቃል?

ወንዝ ዳር፦

እሰይ! ከሆዱ በታች፣ ወደ ጅራቱ የቀረበውን ክንፍ ዘርጋው። ጠርዙ ወደ ውጭ ከጎበጠ ቸብ ነው፤ ወደ ውስጥ ከገባ ዴስ። የቸብ አፍም ሰፊ ነው።

ትልቅ ስትይዝ ጣትህን ጉሮሮው ውስጥ እንዳታስገባ። ከንፈሩ ላይ ጥርስ የለውም፣ ጉሮሮው ውስጥ ግን አለው፤ ያደቃል። መንጠቆውን በመንቀያ አውጣ። ውርጭ ያለበት ሣር ላይም አታስተኛው፤ ቆዳውን ይጎዳዋል። መረቡ ውስጥ፣ ውሃው ላይ እንዳለ ንቀልለትና ፊቱን ውሃው ወደሚመጣበት አዙረህ ያዘው። ራሱ ሲታገልህ ልቀቀው።

ፈቃድህንም ከኪስህ አትለይ። ወንዞቹ ከማርች 15 እስከ ጁን 15 ለዚህ ዓይነቱ ዓሣ ዝግ ናቸው። ስለዚህ እስከዚያ ያሉትን ማለዳዎች ተጠቀምባቸው።