ለድብልቅ ታዳሚ የሚቀርብ ቴክኒካዊ ገለጻን እንዴት ላሳጥር?

በመጪው ሳምንት የማቀርበው ቴክኒካዊ ገለጻ ከተመደበልኝ 20 ደቂቃ ጋር አልጣጣም ብሎኝ ምክራችሁን ለመጠየቅ ተገድጃለሁ። ርዕሰ ጉዳዩ የአንድ ዳታቤዝ ምላሽ ለምን እንደዘገየና ኢንዴክስ (የሚፈለገውን መረጃ ቶሎ ለማግኘት የሚረዳ ማውጫ) በመጨመር እንዴት እንደፈጠነ ማስረዳት ሲሆን፣ ከአድማጮቹ ግማሾቹ ኮዱን በየቀኑ የሚነኩ መሐንዲሶች፣ የቀሩት ደግሞ በጀት የሚወስኑ ኃላፊዎች ናቸው።

እስካሁን 38 ስላይዶች አዘጋጅቻለሁ። ሰዓት ይዤ ብቻዬን ስለማመድ 34 ደቂቃ ፈጀብኝ፤ ይህም ለጥያቄ የሚያስፈልገውን ጊዜ ሳይጨምር ነው። ችግሬ ግን የብዛት ብቻ አይደለም። ኢንዴክስ በሌለበት ዳታቤዙ የሠንጠረዡን እያንዳንዱን ረድፍ እየፈተሸ እንደሚፈልግ፣ ኢንዴክስ ደግሞ ንባብን ሲያፈጥን ጽሕፈትን በመጠኑ እንደሚያዘገይና ተጨማሪ ማከማቻ እንደሚወስድ ካላብራራሁ መሐንዲሶቹ ድምዳሜዬን አይቀበሉትም፤ ካብራራሁት ግን ኃላፊዎቹ ገና በ5ኛው ደቂቃ ስልካቸውን ማየት ይጀምራሉ (ባለፈው ጊዜ የሆነውም ይኸው ነበር)።

ውጤቱን አስቀድሜ ተናግሬ ምክንያቱን ላስከትል፣ ዝርዝር ግራፎቹንም ከመዝጊያው ስላይድ በኋላ ለጥያቄ ጊዜ ላቆያቸው አስቤያለሁ፤ ሆኖም የምርመራውን ሂደት በቅደም ተከተል ካልተረክሁ ግኝቱ ከሰማይ የወረደ እንዳይመስል እሰጋለሁ። በቀጥታ የማሳየውን ሙከራ በተመለከተስ፣ ኔትወርክ ቢቋረጥ አስቀድሞ የተቀዳ ቪዲዮ በመጠባበቂያነት መያዝ ይበቃል ወይስ ከመነሻው ቪዲዮውን ብቻ ማሳየት ይሻላል? እንዲህ ባለ ድብልቅ ታዳሚ ፊት የቆማችሁ ሰዎች፣ መጀመሪያ የቆረጣችሁት የትኛውን ክፍል እንደነበር ከነምክንያቱ ብትነግሩኝ በእጅጉ ይጠቅመኛል።