መብራት በ940 ዲግሪ ላይ ጠፋ፤ እቶኑን ልክፈተው?

ሸክላዋ፦ እባካችሁ ቶሎ መልሱልኝ። ገርጂ ነኝ። መብራት ከጠፋ ሃያ ደቂቃ ሆነው። እቶኑ ውስጥ 36 ስኒ አለ፤ ማሳያው ከመጥፋቱ በፊት 940 ይል ነበር። ቅዳሜ ለደንበኛ አስረክባለሁ። ልክፈተው? መብራት ሲመጣስ ከዜሮ ልጀምር?

ዳገቱ፦ የመጀመሪያው ተኩስ ነው ወይስ ግሌዝ፣ ሲተኮስ ቀልጦ እንደ መስታወት የሚሆነው ቅብ፣ የተቀባ? ሳትነግሪን ምን እንበልሽ?

ሸክላዋ፦ ይቅርታ፣ ግሌዝ የተቀባ ነው። እንደ ጃፓኖቹ የአመድ ግሌዝ። የባሕር ዛፍ አመድ ከሠፈሩ እንጀራ ጋጋሪዎች ሰብስቤ ፌልድስፓር ከሚባለው የድንጋይ ዱቄትና ከነጭ ሸክላ ጋር ራሴ የቀመምኩት። መድረሻው 1220 ነው።

ጋሽ እቶን፦ አትክፈቺው።

የጥድ ጢስ፦ ልጄ፣ ጃፓናዊው ሸክላ ሠሪ ሃማዳ ሾጂ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1924 ከእንግሊዝ አገሩ ተመልሶ ማሺኮ በሚባል ቦታ ሲሠፍር የሠራው በአካባቢው አፈርና አመድ ነው። እዚያው ጃፓን ያሉት የቢዘን ሸክላ ሠሪዎች ደግሞ ግሌዝ የሚባል አይቀቡም፤ ሳምንትና ከዚያ በላይ ጥድ ሲያነዱ አመዱ ራሱ ከነበልባሉ ጋር እየበረረ ገላውን ያለብሰዋል። አንቺ የጃፓንን አመድ ወስደሽ እሳቱን ተውሽው። ኤሌክትሪክ ይዞ ተፈጥሮን እጠብቃለሁ ማለት ምን ይባላል?

ዳገቱ፦ ጋሼ፣ እንጨቱን ከየት ታምጣው? እንጦጦን ትመንጥር? የእኛ መብራት አብዛኛው ከውኃ የሚመነጭ ነው። ጥፋቱ መጥፋቱ ብቻ ነው።

የቀጨኔ ልጅ፦ አያቴ ጀበና የምትተኩሰው ሜዳ ላይ በእንጨትና በደረቅ ቅጠል ነበር። «መብራት ጠፋ» ብላ ስታማርር ሰምቼ አላውቅም።

ሁለት እጅ፦ እህቴ፣ መጀመሪያ ብሬከሩን አጥፊው። መብራት ሲመለስ ኃይሉ ይዘላል፤ አምና የእኔን መቆጣጠሪያ አቃጥሎብኛል። ስኒዎቹ አልተበላሹም፣ በ940 ግሌዝሽ ገና አልቀለጠም። የሚያስፈራው 573 ዲግሪ ነው፤ ሸክላው ውስጥ ያለው ኳርትዝ የሚባል ማዕድን እዚያ ላይ መጠኑን በድንገት ስለሚቀይር ቀዝቃዛ አየር ካገኘው ይሰነጠቃል። መብራት ሲመጣ ከ600 በላይ ከሆነ በነበረው ፍጥነት ቀጥይ። ከዚያ ከወረደ እስከ 650 ድረስ ቀስ በይ። ኮን፣ ሙቀቱ ሲደርስ የሚጎብጠውን መለኪያ፣ አስገብተሻል?

ጋሽ እቶን፦ አልኩ እኮ፣ አትክፈቺው።

ሸክላዋ፦ ብሬከሩን አጠፋሁ። ኮን አላስገባሁም። መደርደሪያውንም ዘንድሮ ነጩን ቅብ አልቀባሁትም።

ሁለት እጅ፦ ወይ ጉድ! የአመድ ግሌዝ እኮ እንደ ማር ይወርዳል። ቅብ ከሌለ ስኒው ከመደርደሪያው ጋር ይጋባል።

የቀጨኔ ልጅ፦ ከተጣበቀም ሰብረሽ በወርቅ ጠግኚው፤ ኪንትሱጊ ነው ብለሽ በእጥፍ ሽጪው።

ዳገቱ፦ የእውነተኛው ኪንትሱጊ ሙጫ የዛፍ ላክ ነው፤ ለመድረቅ እርጥበት ይፈልጋል፣ ሥራው ሳምንታት ይፈጃል። ለቅዳሜ አይደርስም።

ሸክላዋ፦ መጣ! አሥር ደቂቃ ጠብቄ ብሬከሩን መለስኩት። 610 ይላል። ለቀቅኩት።

ሁለት እጅ፦ ለጥቂት አመለጥሽ። ከ1200 ጀምሮ ጥቁር መነጽር አድርገሽ በመመልከቻው ቀዳዳ እይ። ግሌዙ ቀልጦ ከሆነ ስኒው ላይ የጋለው የማሞቂያ ሽቦ እንደ መስታወት ይታይሻል፤ ካልቀለጠ ፊቱ ደብዛዛ ነው። በደንብ እንዳብለጨለጨ 1220ን ሳትጠብቂ አጥፊው።

የጥድ ጢስ፦ በእንጨት ቢሆን ኖሮ ይህ ሁሉ አይመጣም ነበር።

ዳገቱ፦ እሑድ ሆነ እኮ። ሸክላዋ፣ ምን ደረሰ? የአመዱንም ልክ ብትጽፊልን።