የጌሙ መሪ ሲለቅ ጌሙም አብሮት ይሄዳል? (የድራገን ኤጅ ሰዎች ግቡ)

ናቲ_ኤድመንተን

ሰላም ጤና ይስጥልኝ። ጥያቄዬ አንድ ናት፣ መግቢያዋ ግን ይረዝማልና ቡና ይዛችሁ ተቀመጡ።

ካናዳ የገባሁት በ14 ዓመቴ ነው። ያኔ የአጎቴ ልጅ አሮጌ ኮምፒውተሩን ሰጠኝ፤ ውስጡ «ድራገን ኤጅ፦ ኦሪጅንስ» የሚባለው ጌም ነበረበት። እንግሊዝኛዬ መምህሩን ሽንት ቤት ለማስፈቀድ እንኳ በጭንቅ ነበር የሚበቃው። የተጫወታችሁት ታውቁታላችሁ፦ ኦሪጅንስ ላይ ዋናው ሰው ድምፅ የለውም። የምትመልሰው ነገር ሙሉ ዓረፍተ ነገር ሆኖ ከታች ይደረደርልሃል፣ አንብበህ ትመርጣለህ። እኔም መዝገበ ቃላት ጭኔ ላይ አድርጌ አንድ በአንድ እየፈታሁ ስመልስ አመሸሁ። አንዴ አብራን የምትጓዘውን ጠንቋይ ሞሪጋንን ያሞገስኳት መስሎኝ ሰደብኳትና ፊቷ ተለወጠ፣ ነጥቤ ወረደ። ሎድ አድርጌ ተመለስኩ፣ ቃሉን ፈታሁት፣ እስከ ዛሬ አልረሳሁትም። ትምህርት ቤት «እንዲህ ያለ ያረጀ ቃል ከየት አመጣኸው?» ይሉኝ ነበር።

ጌሙን የሚሠራው ባዮዌር እዚሁ እኛ ከተማ እንደሆነ ያወቅሁት ብዙ ቆይቼ ነው። እኔ ጌም የሚሠራው ጃፓን ወይም አሜሪካ ብቻ ይመስለኝ ነበር። አሁን ማታ ማታ ምግብ አደርሳለሁ፤ መሃል ከተማ በኤፕኮር ታወር በኩል ባለፍኩ ቁጥር ቀና ብዬ ሳላይ አላልፍም።

እና አዲሱን ድራገን ኤጅ፣ «ቬይልጋርድ»ን ጨረስኩት። ውጊያው ደስ ይላል፣ ቦታዎቹ ያምራሉ። ግን ገና ሲጀምር ስላለፈው ታሪኬ የጠየቀኝ ከእሱ በፊት ከወጣው ክፍል፣ ከኢንኩዊዚሽን፣ ሦስት ውሳኔ ብቻ ነው። ሦስት! በኦሪጅንሷ አገር በፌሬልደን ላይ ማንን እንዳነገሥኩ የሚያስታውስ የለም። ከስንት ዓመት በኋላ ሰፈርህ ተመልሰህ፣ ያሳደጉህ ጎረቤቶች «የማን ልጅ ነህ?» ሲሉህ ያለውን ስሜት ታውቁታላችሁ? እሱ ነው የተሰማኝ።

ጓደኞቼ «የፈጠራ ዳይሬክተሩ ማይክ ሌይድሎ በ2017 ሲለቅ ነው ያበቃለት» ይላሉ። እውነት የአንድ ሰው መልቀቅ ይህን ያህል ያጎድላል? ወይስ ጥፋቱን የምናሸክመው ስም ፈልገን ነው?

ቦስ_ፋይት

ወንድሜ፣ ሰው ይሄዳል፣ ሰው ይመጣል። ፋይናል ፋንታሲን የፈጠረው ሳካጉቺ ከስኩዌር ከወጣ ሃያ ዓመት አለፈው፤ ጌሙ ቆመ? ይባስ ብሎ 14ኛው በ2010 ሲወጣ ወድቆ ነበር። መሪውን ቀየሩ፣ ናኦኪ ዮሺዳ ገባ፣ በ2013 እንደ አዲስ ሠርቶ አወጣውና ዛሬም ሰው ይጫወተዋል። መሪ መቀየር እንዲያውም ያድናል። ናቲ፣ ያንተ ነገር የልጅነት ትዝታ ነው። እኔም የመጀመሪያዬ ከሆነው ጌም የሚበልጥ አላውቅም።

ሰላም_ሲልቨርስፕሪንግ

የቦስን ሐሳብ በግማሽ እቀበላለሁ። ሌይድሎን ጻድቅ ማድረግም ልክ አይደለም። «ድራገን ኤጅ 2»ንም የመራው እሱ ነው፤ ያ ጌም ኦሪጅንስ ከወጣ 16 ወር ብቻ ቆይቶ ማርች 2011 ላይ ወጣ። ያቺን አንድ ዋሻ ስንት ጊዜ እንደገባንባት ታስታውሳላችሁ? በሩን ብቻ እየዘጉ «ይሄኛው ሌላ ዋሻ ነው» ይሉናል። በኋላ ያው ሰው ጊዜ ሲሰጠው ኢንኩዊዚሽንን አወጣ፤ በ2014 የጌም አዋርድስ የዓመቱ ምርጥ ጌም ተባለ። ሰውየው አንድ ነው፣ የተለወጠው ጊዜው ነው።

ደግሞ ናቲ፣ አንተን ከመዝገበ ቃላት ጋር ያስመሹህ ዓረፍተ ነገሮች የሌይድሎ አይደሉም። የጸሐፊዎቹ አለቃ ዴቪድ ጌይደር ነበር። እሱ 17 ዓመት ሠርቶ በ2016 መጀመሪያ ወጣና ሜልበርን ላይ የራሱን ስቱዲዮ ከሌሎች ጋር መሠረተ። ከጌሙ ገጸ ባሕርያት አንዱን፣ ቫሪክን የጻፈችው ሜሪ ከርቢ ደግሞ ለቅቃ አይደለም፤ ኦገስት 2023 ላይ ወደ 50 ሰው ሲቀነስ አብረው ቀነሷት። እኔ ቫሪክን ስለምወደው ይሄኛው የበለጠ ያንገበግበኛል። «መሪው ሄደ» ስንል አንድ ወንበር እናስባለን፤ እዚያ ቤት ግን የተነሱት ወንበሮች ብዙ ናቸው።

አሮጌው_ሴቭ

ናቲ ወንድሜ፣ ጓደኞችህ ቀኑን በትክክል ይዘውታል፣ ነገሩን ግን ከጭራው ነው የጀመሩት። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምቆጥረው።)

ከኢንኩዊዚሽን በኋላ ሌይድሎና ጥቂት ሰዎች ቀጣዩን ድራገን ኤጅ ጀምረው ነበር። የቤት ስሙ ጆፕሊን ነው። ጄሰን ሽራየር በ2019 ኮታኩ ላይ እንደዘረዘረው፣ ቴቪንተር በሚባለው የጌሙ አገር ውስጥ ስለሚንቀሳቀሱ ሰላዮች የሚተርክ፣ ስፋቱ የተቀነሰ፣ ምርጫው ግን የበዛ ጌም ነበር። በ2016 መጨረሻ ሌላው የባዮዌር ጌም «ማስ ኢፌክት፦ አንድሮሜዳ» ሲጨንቀው የጆፕሊን ሰዎች ለእርዳታ ተላኩ። አንድሮሜዳ ማርች 2017 ሲወጣ ተመለሱ። ብዙም ሳይቆዩ ደግሞ «አንተም» የሚባለው የዚያው ቤት ጌም ሰው ጎደለው። (ስሙ በአማርኛ ሲጻፍ ምን ያህል እንደተስማማው እዩልኝ፤ «አንተም ና፣ አንተም ና» እያለ ቤቱን ሁሉ ጠርጎ ወሰደ።) ኦክቶበር 2017 ጆፕሊን ተሰረዘ። ሌይድሎም ከ14 ዓመት በኋላ መልቀቁን የተናገረው በዚያው ወር ነው። ሰውየው የወጣው ከቀብር መልስ ነው ማለት ነው።

ከዚያ በኋላ ሌላ ድራገን ኤጅ በጥቂት ሰው ተጀመረ። መጀመሪያ ብዙ ሰው በኢንተርኔት አብሮ እንዲጫወተው ታስቦ ነበር፤ በኋላ ይህ ቀርቶ ለአንድ ተጫዋች እንዲሆን ተወሰነ። የፈጠራ ዳይሬክተር የነበረው ማት ጎልድማን ኖቬምበር 2021 ወጣ። ኮሪን ቡሽ የጌሙ ዳይሬክተር ሆና ኦክቶበር 31 ቀን 2024 ለገበያ አደረሰችው፣ ጃንዋሪ 2025 ላይ እሷም ለቀቀች። ሴትየዋን የሚሳደቡ አያለሁ፤ ሁለት ጊዜ ፈርሶ የተሠራ ቤት ተረክባ ጣሪያ ያለበሰች ሰው ናት፣ እኔ አልፈርድባትም።

ግን «የአንድ ሰው መልቀቅ ምን ያጎድላል?» ላልከው፣ ያየሁትን ልንገርህ።

ሞንትሪያል በአንድ ትንሽ ስቱዲዮ (ስሙ ይቅር) የኩዌስት (ተጫዋቹ የሚፈጽመው ተልእኮ) ስክሪፕት እጽፍ ነበር። መንደር ውስጥ አንዲት ጨው ሻጭ ሴትዮ ነበረችን። ጨው ትሰጥሃለች፣ ሳንቲም ግን አትቀበልህም። አንድ አርብ የፈጠራ ዳይሬክተራችን ለቀቀ። ኬክ ተቆረሰ፣ ካርድ ፈረምን፣ ወደ 400 ገጽ የሚሆን ማስታወሻ ትቶልን ሄደ። ስለ ጨው ሻጯ «ገንዘብ አትቀበልም» ይላል። በቃ፣ ሌላ ነገር የለም።

አዲሱ አለቃ በሁለተኛው ሳምንት ሲጫወት አያትና «ይሄማ ባግ ነው፣ አስተካክሉት» አለ። ያስተካከልኩት እኔ ነኝ። ሃያ ደቂቃ አልፈጀብኝም፤ ሴትዮዋ እንደ ሰው ሁሉ ገንዘብ መቀበል ጀመረች። ከአምስት ወር በኋላ የሦስተኛው ምዕራፍ ድምፅ ተቀድቶ መጣ። ጆሮዬ ላይ ማዳመጫ አድርጌ ፋይሎቹን ስሰካ ሴትዮዋ «ልጄን ከገደለ እጅ ሳንቲም አልቀበልም» ትላለች።

ልጇ ማን መሰለህ? ጌሙ በተጀመረ በመጀመሪያው ሰዓት፣ ድልድዩ ላይ የምትገድለው ያ ስም የሌለው ወታደር። ሁሉም ተጫዋች የሚገድለው። ሰውየው ይህን ሁሉ በልቡ ይዞት ነበር፤ ማስታወሻው ላይ ያሰፈረው ምን እንደምታደርግ ነው፣ ለምን እንደሆነ ግን አልጻፈም። አሥር ወንበር አልፎ ሄዶ መጠየቅ እየተቻለ ማን ይጽፋል?

መመለስ ይቻል ነበር ትላለህ። አይቻልም። በዚያ አምስት ወር የመንደሩ ዋጋ በሙሉ በጨው ላይ ተመሥርቶ ተስተካክሏል፤ ጨው እንደገና በነፃ ቢሆን የመጀመሪያዎቹ አራት ኩዌስቶች ሚዛናቸው ይፈርሳል። ስለዚህ ዓረፍተ ነገሯን ሰረዝናት። ሴትዮዋ ዛሬም እዚያ ጌም ውስጥ ጨው እየሸጠች መልስ ትሰጣለች። አንድም ተጫዋች አላማረረም፣ ምክንያቱም ምን እንደጎደለ የሚያውቅ የለም። የነገርኩት ሰው ባለቤቴ ብቻ ነበረች፤ «አንተ ነህ ልጇን ሁለተኛ የገደልከው» አለችኝ። ቀልዷን ነው፣ ግን እንቅልፍ ነሳኝ።

ቦስ፣ የዮሺዳው ነገር እውነት ነው። ግን ምን እንደተሰጠው አብረህ አንሣ። ወደ ሦስት ዓመት ገደማ ጊዜ፣ ደግሞም የድሮውን ዓለም በጨረቃ አስመትቶ ከመሠረቱ የመጀመር ሥልጣን። ሁሉንም አፍርሶ የጀመረ ሰው የቀድሞው አለቃ «ለምን» እንዲህ እንዳደረገ ማወቅ አያስፈልገውም። ድራገን ኤጅን የተረከቡት ግን የ15 ዓመት ታሪክ ተሸክመው ነው። በ2014 ውሳኔዎቻችንን በመቶ እየቆጠርን የምናስገባበት «ኪፕ» የሚባል ድረ ገጽ ነበር፤ ቬይልጋርድ ከእሱ ጋር አልተገናኘም። ያንን ሁሉ ክር ለመያዝ እያንዳንዱ ለምን እንደታሰረ የሚያውቅ ሰው ቤቱ ውስጥ መቀመጥ አለበት። ሦስት ውሳኔ ብቻ የጠየቁህ ጠልተውህ አይመስለኝም፤ የቀረውን መሸከም ከብዷቸው ነው።

ቦስ_ፋይት

ጋሼ፣ የጨረቃዋን ነገር ረስቻት ነበር። እሺ፣ ተረታሁ። ግን ጨው ሻጯ ያለችበትን ጌም ስም በውስጥ መስመር ካልላኩልኝ አላርፍም።

አሮጌው_ሴቭ

አልልክም። ገዝተህ ድልድዩ ላይ ያለውን ልጅ ልትገድልብኝ?

ሰላም_ሲልቨርስፕሪንግ

ሌይድሎ ከዚያ በኋላ ዩቢሶፍት ኩቤክ ገብቶ እዚያም ብዙ አልቆየም። አሁን «የሎው ብሪክ» የሚባል ስቱዲዮ ከመሠረቱት አንዱ ነው። «ኢተርናል ስትራንድስ» የሚባለው ጌማቸው የወጣው ጃንዋሪ 2025 ነው። ቡሽ ባዮዌርን በለቀቀችበት ወር ማለት ነው። ተጫውቼዋለሁ፤ መውጣትና መንጠልጠል ይበዛዋል፣ ወሬው ያንሰኛል። ድራገን ኤጅን ፈልገህ እንዳትገዛው ናቲ።

ናቲ_ኤድመንተን

ሁላችሁንም እግዜር ይስጥልኝ። ጋሼ፣ የጨው ሻጯን ታሪክ ምግብ ላደርስ ቆሜ መኪና ውስጥ አነበብኩትና ደንበኛው ሾርባው ቀዘቀዘብኝ ብሎ ደወለልኝ።

ትናንት ማታ የድሮውን ሃርድ ዲስክ ሰካሁት። የኦሪጅንሱ ሴቭ አለ! አንደኛው ፋይል ከመኳንንቱ ስብሰባ፣ ከላንድስሚት በፊት ነው፤ ያኔ ማንን እንደማነግሥ ጨንቆኝ ሦስት ቀን ያቆምኩበት። ቃሎቹን ሁሉ አሁን ያለ መዝገበ ቃላት አነበብኳቸው። ሞሪጋን ያኔ ከመሰለኝ በላይ ነው ለካ የምትሳደበው።

አሮጌው_ሴቭ

ታዲያ ማንን አነገሥክ? ሳትዋሽ።

ናቲ_ኤድመንተን

አኖራን። ብቻዋን። ሌላው እጩ አሊስተር ይቅር ይበለኝ፣ «አክሊል» የሚለውን ቃል ገና አልፈታሁትም ነበር።