«ስክሪምሾ» ምን ማለት ነው?

ጥያቄ፦ «ስክሪምሾ» የሚል ቃል አጋጠመኝ። የዝሆን ጥርስ ቅርጽ ነው? የምታውቁ እስቲ አስረዱኝ።

መልስ፦ ወንድሜ፣ ቀርበሃል። ጥርስነቱ ልክ ነው፤ ዝሆኑ ግን የለበትም። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ከናንተኬትና ከኒው ቤድፎርድ ወደቦች የሚነሱ አሜሪካውያን ዓሣ ነባሪ አዳኞች የሚሠሩት ቅርጽ ነው። አንድ ጉዞ ሦስት አራት ዓመት ይፈጃል። ዓሣ ነባሪ ሳይታይ ሳምንታት ያልፋሉ። ሥራ ፈት እጅ ደግሞ አያርፍም። የስፐርም ዓሣ ነባሪን ጥርስ ይሞርዱና ያለሰልሱታል፣ ከዚያ በቢላ ጫፍ ወይም በሸራ መስፊያ መርፌ ምስል ይጭሩበታል። ጥላሸት በዘይት ለውሰው ይቀቡትና ይወለውሉታል። ላዩ ይጠራል፣ ጥቁሩ ጭረቱ ውስጥ ይቀራል። የቃሉ ምንጭ እስካሁን አከራካሪ ነው።

እኔን የሚገርመኝ ግን «ባስክ» የሚሉት ነው። ከዓሣ ነባሪ አጥንት የተቀረጸ፣ ማስመሪያ የሚመስል ዘንግ። ሴቶች ኮርሴታቸው (ወገብ የሚያጠብቅ የውስጥ ልብስ) ቀጥ እንዲል ከፊት ለፊት፣ ከደረት ወደ ሆድ ይሰኩታል። ሰውዬው ልብ፣ አበባ ወይም መርከቡን ቀርጾበት ለእጮኛው ያመጣላታል። ልብስ ውስጥ ስለሆነ ማንም አያየውም። እሱ ተመልሶ ባሕር ሲወጣ ስጦታው ደረቷ ላይ ይቀራል። አይ ብልጠት! ለሚስት ደግሞ የሊጥ ጠርዝ መቁረጫ ትንሽ መንኮራኩር ይሠሩ ነበር፤ ይቺ ስጦታ እንኳ ሥራ ማብዣ ትመስላለች።

ሌላ አባል፦ «ግሪሲ ላክ»ስ? ጥርስ ላይ ተጽፎ አይቻለሁ።

መልስ፦ የፍሬድሪክ ማይሪክ ሥራ ሳይሆን አይቀርም። እ.ኤ.አ. በ1828 እና 1829 «ሱዛን» በምትባል መርከብ ላይ ሆኖ በርካታ ጥርሶች ቀርጿል። ለመርከበኛ ሚስቶች መልካሙን፣ ለአዳኞች «ግሪሲ ላክ» ይመኛል። እነዚህ ሰዎች ቋሚ ደመወዝ የላቸውም፤ የሚያገኙት ከጭነቱ፣ ማለትም ከዓሣ ነባሪው ዘይት፣ ሽያጭ ድርሻ ነው። መርከቧ በዘይት ካልጨቀየች ኪሳቸው ባዶ ነው። ስለዚህ በእኛ «ይቅናችሁ!» በለው። ቃል በቃል «ቅባታም ዕድል» ካልከው አንባቢው ወጥ የፈሰሰበት ሰው ይመስለዋል።

ጠያቂው፦ አመሰግናለሁ። ያየሁት እንኳ የቁልፍ መያዣ ነበር፣ ርካሽ።

መልስ፦ እንግዲያው «ፌክሾ» ነዋ! ከፕላስቲክ ተቀልጦ በቅርጽ ማውጫ የሚሠራውን ሰብሳቢዎቹ እንደዛ ይሉታል። የ«ፌክ»ን ትርጉም ለአዲስ አበባ ልጅ አላስረዳም።